ጎንደር ውስጥ የሚሸጥ ቤት ለሰፈሩ መወደዱ በምን ይታወቃል?

ቤት ለማየት የሄደ ገዥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሩ ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ፣ ጅብሰሙ ላይ ነው። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ቤቱን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ቀለም ያስቀባል። የዋጋውን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ግን መሬቱ ነው። አንድ ዓይነት ባለሦስት መኝታ ቤት በአንድ ዓይነት ብሎኬትና ፌሮ፣ በአንድ ግንበኛ እጅ ማራኪ ላይም ጠዳ ላይም ቢሠራ የግንባታው ወጪ ከማጓጓዣ በቀር ያን ያህል አይለያይም። የመሸጫ ዋጋቸው ግን አይቀራረብም። ያ ልዩነት የሰፈሩ ነው። ስለዚህ «ይህ ቤት ተወዷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቤቱን ብቻ በማየት አይመለስም። በዙሪያው ያሉ ቤቶች በቅርቡ ስንት እንደተሸጡ ማወቅ፣ ከዚያም በእነሱና በዚህ ቤት መካከል ያለውን ልዩነት በብር መተመን ያስፈልጋል።

የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠ ዋጋ

በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚለቀቀው ዋጋ ሻጭ የጠየቀው እንጂ ገዥ የከፈለው አይደለም። አንድ ቤት ሦስት ደላሎች እጅ ገብቶ በሦስት የተለያየ ዋጋ ሲዞር ይታያል። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ «ለእኔ 6 ሚሊዮን ይድረሰኝ፤ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ ነው» ብሎ ለደላላው ይለቅለታል። እንዲህ ያለ ቤት ላይ የሚጠራው ዋጋ የሻጩም የገበያውም አይደለም፤ የደላላው ምኞት ነው። ይህን ለማጣራት ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኙ ስለ ዋጋ አለመነጋገር ይበቃል።

ማዘጋጃ ቤት ያለው የሽያጭ ውልም ቢሆን እውነተኛውን ዋጋ አይነግርም። ብዙ ሰው ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ለመቀነስ ሲል በውሉ ላይ ያነሰ ዋጋ ያጽፋል። በ3 ሚሊዮን የተጻፈ ቤት በ6 ሚሊዮን የተሸጠ ሊሆን ስለሚችል፣ በውል የተጻፈን ቁጥር ይዞ «ይህ ቤት እጥፍ ተጠየቀበት» ማለት ያሳስታል።

ታዲያ የተሸጠ ዋጋ ከየት ይገኛል? ጎንደር ላይ ጥሩው ምንጭ ጎረቤት ነው። በእድርና በጽዋ ማኅበር የሚገናኝ ሰው የማን ቤት ስንት እንደሄደ ያውቃል። ኮሚሽን የማይነካቸውን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ጠይቃችሁ ቁጥሩ ከተቀራረበ ያዙት። ደላላን ስትጠይቁ ደግሞ ስለሚሸጠው ቤት አትጠይቁ፤ ባለፉት ስድስት ወራት እዚያው ሰፈር ራሱ ያሻሻጣቸውን ቤቶች ካሬያቸውንና የተዘጉበትን ዋጋ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ያለፈ ሽያጭ ላይ ዋጋ ቢያንርም ቢያሳንስም የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። በአንድ ቢሮ የማይሠሩ ሦስት ደላሎችን ጠይቃችሁ አወዳድሩ።

ሌላው ብዙ ገዥ የማያየው ምንጭ የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ባንኮችና ፍርድ ቤቶች በመያዣ ወይም በፍርድ የሚሸጡ ቤቶችን በበኩር ጋዜጣ ላይ ሲያወጡ ከተማውን፣ ቀበሌውን፣ የቦታውን ስፋት በካሬና የጨረታ መነሻ ዋጋውን ይጽፋሉ። መነሻው የባለሙያ ግምት ስለሆነ ከገበያው ዝቅ ሊል ይችላል፤ እንደ መሸጫ ዋጋ አትውሰዱት። ዋናው ትምህርት ያለው ተጫራች ያጣው ጨረታ ላይ ነው። 200 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት በ7 ሚሊዮን መነሻ ወጥቶ ማንም ካልቀረበ፣ አጠገቡ ተመሳሳይ ቤት በ8 ሚሊዮን የሚጠይቅ ሻጭ ብዙ የሚያስረዳው ነገር አለበት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው አልወጣም ብሎ ያስቸገረበት ጨረታ ግን ተጫራች የሚሸሸው በዋጋው ብቻ ስላልሆነ ከዝርዝሩ ይውጣ።

የከተማው የሊዝ ጨረታ አሸናፊ ዋጋም የመሬት ዋጋ ይጠቁማል፤ ሲነበብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 አሸናፊው ቅድሚያ እንዲከፍል የሚገደደው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ያላነሰ ነው፤ ቀሪውን በዓመታት ከፋፍሎ ከወለድ ጋር ይከፍላል። ስለዚህ በሊዝ «በካሬ 20,000 ብር» ብሎ ያሸነፈ ሰውና በአንድ ቀን 20,000 ብር በካሬ አውጥቶ ከግለሰብ የገዛ ሰው አንድ ዋጋ አልከፈሉም። ከፍተኛውን አሸናፊ ትታችሁ በመካከል ያሉትን ውሰዱ፤ በጨረታ ስሜት የተሰጠ ዋጋ ኋላ ከፋይ የሚያጣበት ጊዜ አለ።

ከእነዚህ ምንጮች አራት ወይም አምስት የተሸጡ ቤቶች ካገኛችሁ ይበቃል። ሁሉም ከ12 ወር ያልበለጣቸው ቢሆኑ ይመረጣል። በተለይ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የተሸጠን ቤት ከዛሬው ጋር እንዳለ ማወዳደር አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ብሩ በዶላር ፊት ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ፌሮ፣ ሴራሚክና የኤሌክትሪክ ዕቃም ተከትለው ንረዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ባለው የፀጥታ ችግር ምክንያት በችኮላ ተሽጦ የሄደ ቤትም አለ። ከተማ ለቆ የሚሄድ ሰው በሁለት ሳምንት የሸጠው ዋጋ የሰፈሩ ዋጋ አይደለም።

ሰፈር ሲባል የቱ ድረስ ነው?

ማወዳደሪያ ቤቶች ሲመረጡ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት የክፍለ ከተማን ስም እንደ ሰፈር መቁጠር ነው። ማራኪ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በእግር አምስት ደቂቃ ያለ ቤትና ባጃጅ እንኳ የማይወጣው ዳገት ላይ ያለ ቤት አንድ ስም ቢጋሩም አንድ ገበያ ላይ አይደሉም። አዘዞም ሰፊ ነው፤ ከባሕር ዳርና ከመተማ መንገድ መገንጠያ አጠገብ ያለው ቦታ የንግድ ዋጋ አለው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ዋጋው በፍጥነት ይወርዳል። ለዋጋ ሥራ ሰፈር ማለት አንድ ገዥ «እዚህ ካጣሁ እዚያ እገዛለሁ» የሚልባቸው ቤቶች ስብስብ ነው። በአራት ነገር ለዩት፦ ከአስፋልቱ ያለው ርቀት፣ የዳገቱ ሁኔታ፣ ውሃው፣ አፈሩ።

ውሃ ጎንደር ላይ የቤት ዋጋን በብዙ ብር ያወርዳል። ከተማዋ ለዓመታት በአንገረብ ግድብ ላይ ተደግፋ ኖራለች፤ ፈረቃ የለመደ ሕዝብ ነው። ሻጭ «ውሃ ችግር የለም» ቢል ከመከራከር የሦስት ወር የውሃ ደረሰኝ ማየት ይሻላል። ስድስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም በወር 9 ሜትር ኩብ ይሆናል። ደረሰኙ ላይ 2 ወይም 3 ሜትር ኩብ ብቻ ከተጻፈ ቧንቧው አለ፤ ውሃው ግን አይመጣም። ይህ ቤት ሮቶ፣ የሮቶ ማማ፣ ምናልባትም ከምድር በታች የውሃ ማጠራቀሚያና ፓምፕ ያስፈልገዋል። ወጪው ከዋጋው ይቀነስ። ዳገት ላይ ያሉ ቤቶች ግፊቱ ስለማይደርሳቸው በአንድ መንገድ ላይ እንኳ የታችኛው ቤት ሲያገኝ የላይኛው ያጣል። ማወዳደሪያው ቤት ከታች፣ የሚሸጠው ከላይ ከሆነ ልዩነቱን ቁጠሩት።

አፈሩ ሌላ ጉዳይ ነው። አዘዞ ሜዳው ላይና ወደ ጠዳ በሚወስደው ዝርግ ቦታ ዋልካ አፈር ይበዛል። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይኮማተራል፤ ጥልቀት የሌለው መሠረት ላይ የቆመን ቤት ከነግድግዳው ይዞት ይነሣል፣ ይዞት ይወርዳል። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የልስን ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋና በውስጥም በውጭም በኩል የሚታይ ከሆነ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ሳያየው ዋጋ አይነገርም። ስንጥቁ በመጋቢትና በሚያዝያ ይከፈታል፤ በነሐሴ ይገጥማል። ክረምት ላይ ቀለም ተቀብቶ ለገበያ የወጣ የሜዳ ቤት በተለይ ይጠና።

በተቃራኒው የኮረብታው ሰፈር ላይ አደጋው ከአፈሩ ይልቅ ከድጋፍ ግንቡ ነው። ግንቡ ሆዱን ወደ ውጭ ገፍቶ ከሆነ ወይም ውሃ የሚያስወጡ ቀዳዳዎች ከሌሉት፣ ከኋላው ያለው አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይይዝና ይገፋዋል። የ3 ሜትር ግንብ አፍርሶ መሥራት የአንድ ሰርቪስ ቤት ያህል ወጪ ሊያስወጣ ይችላል። ከቀሃና ከአንገረብ ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶች ላይ ደግሞ የወንዝ ዳርቻ ክልከላው ይዞታውን ይነካ እንደሆነ መሬት አስተዳደር ጠይቁ።

ፋሲል ግቢ አካባቢ ያለ ቤት ሁለት ፊት አለው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢው ብቻ አይደለም፤ የፋሲለደስ መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋምም አብረው አሉ። ሻጭ «ቱሪስት የሚያልፍበት ነው» ብሎ ይጨምራል። የቅርስ አካባቢ ግን የሚሠራው ሕንፃ ቁመትና መልክ ቁጥጥር አለበት። ጂ+3 ሠርቼ እመልሰዋለሁ ብሎ ያሰበ ገዥ ከመክፈሉ በፊት በዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚፈቀድ ከከተማው የፕላን ስምምነት ይጠይቅ። ጂ+1 ብቻ የሚፈቀድበትን ቦታ በጂ+3 ዋጋ መግዛት ሴራሚክ የማይሸፍነው ኪሳራ ነው።

አስፋልት ዳር መሆንም እንደ ድሮው ያለ ጥያቄ ዋጋ የሚጨምር ነገር አልሆነም። የኮሪደር ልማቱ ጎንደር ከገባ ወዲህ የፊት አጥር ወደ ኋላ መግፋትና ፊት ለፊት ያለ ሱቅ መነሣት ሊገጥም ይችላል። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለመፈናቀሉ ነው፤ ለመሬቱ በገበያ የተከፈለውን ብር ማንም አይመልስም። የቦታውን ካርታ ከመንገዱ ፕላን ጋር አስተያዩና ከፊት ለፊቱ የሚቆረጠውን ካሬ ከስሌቱ አውጡ።

ሰነዱ ራሱ ዋጋ ነው

ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ካርታ ያለው፣ ሌላው ሰነድ አልባ ከሆነ ዋጋቸው አይወዳደርም። ከአርሶ አደር ይዞታ ላይ ተቆርጦ የተሸጠ የከተማ ዳር ቦታ ርካሽ መምሰሉ ስለተገዛው ነገር የሚናገረው አለ፤ የተገዛው መሬት ሳይሆን ተስፋ ነው። ፒያሳ ዙሪያ በጣሊያን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ በአካባቢው በአዋጅ 47/1967 ወደ መንግሥት የተዛወረ ብዙ ቤት ስላለ «ቁልፍ ይሸጣል» የሚባለው የቀበሌ ቤት ከዚህ ውይይት ውጭ ነው፤ የሚሸጥ ንብረት የለውም።

ካርታ ያላቸውም ቢሆኑ ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) እና ሊዝ ተብለው ይለያሉ። የሊዝ ቤት ከሆነ ያልተከፈለው የሊዝ ቀሪ ስንት እንደሆነ ከመሬት አስተዳደር በጽሑፍ ይውጣ። ቤቱ 6 ሚሊዮን ቢባልና ገና 900,000 ብር የሊዝ ዕዳ ቢኖረው የምትገዙት በ6.9 ሚሊዮን ነው። ነባር ይዞታ ደግሞ በአዋጅ 721/2004 መሠረት ከውርስ ውጭ በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ስም ሲዞር የሚመጣውን ዓመታዊ ክፍያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ግንባታው ከግማሽ በታች የሆነ የሊዝ ቦታም ወጥመድ አለው። በዚያው አዋጅ ሻጭ እንዲያገኝ የሚፈቀድለት የከፈለው የሊዝ ክፍያ ከነወለዱ፣ የሠራው ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነበር። ስለዚህ መሠረት ብቻ የወጣለትን ቦታ በሙሉ የገበያ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ስም ማዛወር ላይ ሊያስቸግር ይችላል።

ካሬውንም በሜትር ለኩት። አጥሩ 250 ካሬ ቢያቅፍና ካርታው 200 ቢል የምትከፍሉት ለ200 ነው። ትርፉ 50 ካሬ የመንግሥት ወይም የጎረቤት ነው፤ ሻጩ ለዓመታት ባቄላ ዘርቶበት ቢሆንም።

ስሌቱ

አሁን ቁጥሮቹን እናገናኝ። ከታች ያሉት ዋጋዎች አሠራሩን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ የየሰፈሩን ከራሱ ከሰፈሩ ሰብስቡ። የግንባታ ዋጋን በተመለከተ በቅርብ የሠራ ኮንትራክተር «በካሬ ሜትር ስንት ታስረክበኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ለብሎኬት ቤት 25,000፣ ለሰርቪስ 12,000 ብር ይዘናል። የብሎኬት ቤት ዕድሜ 50 ዓመት እንበል፤ ስለዚህ በየዓመቱ 2 በመቶ ይቀነሳል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ላይ ግን ምስጥ ስላለ በ25 ዓመት ማስላት ይሻላል።

የሚሸጠው ቤት 200 ካሬ ቦታ ላይ ያለ፣ 90 ካሬ የብሎኬት ዋና ቤትና 30 ካሬ ሰርቪስ ያለው፣ 12 ዓመት የሆነው ነው። የተጠየቀበት 7,500,000 ብር ነው። ሦስት የተሸጡ ቤቶች ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው 200 ካሬ ላይ ያለ ያረጀ የጭቃ ቤት ነው፤ በ5,600,000 ተሽጧል። ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ የሚሰጠውን ጥቅም 300,000 ብንለው መሬቱ 5,300,000፣ በካሬ 26,500 ብር መጣ። እንዲህ ያለው ሽያጭ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት፤ የመሬቱን ዋጋ ያለ ብዙ ጣጣ ያሳያልና።

ሁለተኛው 175 ካሬ ላይ 80 ካሬ የብሎኬት ቤት ያለው፣ 10 ዓመት የሆነው፣ በ6,300,000 የተሸጠ ነው። ቤቱ አዲስ ቢሆን 2,000,000 ያወጣ ነበር፤ 20 በመቶ ሲቀነስ 1,600,000 ይሆናል። ቀሪው 4,700,000 የመሬቱ ነው፤ በካሬ 26,900 ገደማ።

ሦስተኛው 300 ካሬ ላይ 85 ካሬ ቤት ያለው፣ 2 ዓመት ብቻ የሆነው፣ በ9,000,000 የተሸጠ ነው። ቤቱ 2,040,000፣ መሬቱ 6,960,000፣ በካሬ 23,200 ብር። ከሌሎቹ ያነሰው ሰፈሩ ስለረከሰ አይደለም፤ ቦታው ሲሰፋ የካሬው ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ያን ያህል አውጥቶ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ለ200 ካሬ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ይመዝናሉ። የቦታው ፊትም ይታይ፦ 10 ሜትር ፊት ያለው 200 ካሬና 7 ሜትር ፊት ኖሮት ወደ ውስጥ የረዘመ 200 ካሬ እኩል አይሸጡም።

እንግዲህ የሚሸጠው ቤት መሬቱ በ26,500 ሲሰላ 5,300,000 ነው። ዋና ቤቱ አዲስ ቢሆን 2,250,000፤ የ12 ዓመት 24 በመቶ ሲቀነስ 1,710,000። ሰርቪሱ በተመሳሳይ ስሌት 270,000 ገደማ። ድምሩ 7,280,000 ብር ነው። ይህ ከተጠየቀው 3 በመቶ ብቻ ስለሚያንስ ቤቱ የተወደደ አይመስልም። ነገር ግን ዳገቱ ላይ ስለሆነ የውሃ ማጠራቀሚያና ፓምፕ ይፈልጋል፤ ድጋፍ ግንቡም ጥገና አለበት። ለሁለቱ 350,000 ቢታሰብ ዋጋው 6,930,000 ይሆናል፤ የተጠየቀው 570,000 ብር፣ ማለትም 8 በመቶ ገደማ በልጧል።

እንዲህ ያለው ስሌት እቅጩን አይሰጥም፤ 5 በመቶ ወዲያና ወዲህ እንደ እኩል ይቆጠር። ከ5 እስከ 15 በመቶ የበለጠው ለድርድር ክፍት ነው። ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ሻጩ ምክንያቱን በስሙ ጠርቶ ማሳየት አለበት፦ ኮርነር ነው፣ ሁለት በር አለው፣ ባለሦስት ፌዝ መብራት አለው፣ ፕላኑ ንግድ ይፈቅዳል። «ቤቱ ጥሩ ነው» ምክንያት አይደለም።

በኪራይ ማረጋገጥ

ሌላ መመዘኛ ደግሞ ኪራይ ነው። የተሸጠውን ሁለተኛ ቤት ተከራይ በወር 17,000 ብር ይከፍልበት ከነበረ በዓመት 204,000 ነው፤ 6,300,000 ለዚህ ሲካፈል 31 ይሆናል። የሚሸጠው ቤት በወር 18,500፣ በዓመት 222,000 ብር የሚከራይ ከሆነ በ31 ሲባዛ 6,880,000 ገደማ ይመጣል። ከላይ ካገኘነው 6,930,000 ጋር ተቀራርቧል። ሁለት የተለያዩ መንገዶች እዚህ አካባቢ ከተገናኙ ሻጩ በጠየቀው 7,500,000 ላይ ሳይሸማቀቁ መከራከር ይቻላል። ካልተገናኙ ከመረጃችሁ አንዱ ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ኪራዩ ነው።

ኪራይ በሁለት መንገድ ያሳስታል። አንደኛው ለመሸጥ ሲባል ከፍ ተደርጎ የተነገረ ኪራይ ነው፤ ተከራዩን ራሱን ጠይቁ፣ ውሃና መብራት በኪራዩ ውስጥ ይካተት እንደሆነም አጣሩ። ሁለተኛው ለተማሪና ለሠራተኛ ክፍል በክፍል የሚከራይ ቤት ነው። ማራኪና ኮሌጅ አካባቢ ይህ ብዙ ነው፤ ክፍሉ በቁጥር ተባዝቶ ሲነገር ያጓጓል። ክረምት ላይ ክፍሎቹ ባዶ ስለሚሆኑ በ12 ወር ሳይሆን በ9 ወይም በ10 ወር አስሉት። ለሆስፒታል ሠራተኛ የተከራየው ግን ዓመቱን ሙሉ ይይዛል።

ከሰፈሩ በላይ የተሠራ ቤት

ከሁሉ የሚያደናግረው ይህ ነው። አብዛኛው ቤት ጭቃና ቆርቆሮ በሆነበት መንገድ ላይ አንድ ሰው ጂ+2 ሠርቶ እብነ በረድ አንጥፎበታል። ለመሸጥ ሲመጣ ደረሰኝ ይዞ ይቀርባል፤ «12 ሚሊዮን አውጥቼበታለሁ» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን 12 ሚሊዮን ያለው ገዥ ያንን ብር ይዞ አስፋልት ወዳለበትና ውሃ ወደማይጠፋበት ሰፈር ይሄዳል፤ እዚህ ሰፈር የሚፈልገው ሰው ደግሞ ያን ያህል የለውም። በዚህ ምክንያት ወጪው ቢበዛም ዋጋው ሰፈሩ የሚችለው ላይ ይቆማል። እንዲህ ዓይነት ቤት ሲገጥማችሁ መሬቱን እንደ ሰፈሩ፣ ቤቱን ከስሌቱ ቢያንስ ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሳችሁ አስቡ። ለመኖር ለሚገዛ ሰው ይህ ዓይነቱ ቤት አንዳንዴ ትልቅ ዕድል ነው፤ ነገ ለመሸጥ ለሚያስብ ግን አይመከርም። በተቃራኒው ከሰፈሩ በታች የሆነ የጭቃ ቤት በጥሩ ሰፈር፣ ካርታው ንጹሕ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ግዢ ነው።

ከቀብድ በፊት

ይህን ሁሉ ስሌት የምትሠሩት ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። «ለመያዝ ያህል» ተብሎ የተሰጠ 200,000 ብር ኋላ ላይ ስንጥቁ ሲታይ ለድርድር ኃይል አይሰጥም፤ ገዥውን ራሱን ያስረዋል። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ስምምነት፣ የመሐንዲሱ አስተያየትና ልኬቱ ቀድመው ይጠናቀቁ። በወጪውም ላይ የደላላውን፣ በተለምዶ ከእያንዳንዱ ወገን 2 በመቶ የሚጠየቀውን ኮሚሽን ደምሩ፤ ግብሩንና ስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ደግሞ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ተነጋገሩ። «ሁሉም ወጪ በገዥ» የተባለበት 6.9 ሚሊዮን ወጪው ተካፍሎ ከተሸጠ 6.9 ሚሊዮን ይበልጣል።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ ዲያስፖራው ሲገባና የሰሊጥ ነጋዴው እጅ ላይ ብር ሲኖር ሻጭ ዋጋውን ይሰቅላል። መቸኮል የሌለበት ገዥ ያን ጊዜ ዋጋ ይሰብስብ፤ ድርድሩን ለየካቲትና ለመጋቢት ያቆይ። ያኔ ስንጥቁም ተከፍቶ ይታያል። ቤቱ ስንት ወር ገበያ ላይ እንደቆየም ጠይቁ፤ ስድስት ወር ዞሮ ገዥ ያጣ ቤት ዋጋው ላይ ገበያው ፈርዶበታል።

ከስሌቱ በላይ መክፈል የሚያዋጣው አንድ ሰው አለ፤ ኩታ ገጠም ጎረቤት። 150 ካሬ ያለው ሰው አጠገቡ ያለውን 150 ሲገዛ 300 ካሬና ሰፊ ፊት ያገኛል፤ ስለዚህ 20 በመቶ ቢጨምር አልተታለለም። እናንተ ግን ያንን ሽያጭ ማወዳደሪያ ውስጥ አታስገቡት። ጎረቤት የገዛው ቤት መሆኑን ሳይናገር «እዚሁ አጠገብ በዚህ ዋጋ ሄዷል» የሚል ደላላ ብዙ ነው። ገዥው ማን እንደነበር ጠይቁት።

በመጨረሻ የተስማማችሁበትን ሙሉ ዋጋ ውሉ ላይ አስጽፉ። ውሉ በሕግ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ 6.9 ሚሊዮን ከፍሎ 3 ሚሊዮን ያስጻፈ ገዥ ቀሪው 3.9 ሚሊዮን ከእጁ እንደወጣ ማስረዳት ይከብደዋል። ክፍያውን በባንክ አድርጉ፤ ደረሰኙንም ከውሉ ጋር አስቀምጡ።